ዋስአገኘሁ የሚባሉ የካናዳ ሰዎች

ሰኞ፣ መስከረም 5፤ ጧት 3 ሰዓት፣ ሱቅ

ደብተሬ፣ ዛሬም ገበያ የለም። ብርድ ልብሶቹን አውጥቼ በር ላይ ሰቀልኩ። አንዲት ጎጎ፣ የአገሬው አሮጊት፣ መጣች፣ ዳሰሰች፣ ዋጋ ጠየቀች፣ "ንጊያቦንጋ" ብላ ሄደች። ምስጋና ብቻ። ሙቀቱ እየመጣ ብርድ ልብስ ማን ይገዛል? አስናቀች መጋረጃ አምጣ ብላኝ ነበር። ሚስቴን አልሰማሁም፣ እሷም ይህን አትረሳልኝም።

ልጄ ሊያ ዓርብ የቤት ሥራ ይዛ መጥታለች። ለሄሪቴጅ ዴይ፣ ለቅርስ ቀን። "ሰርኔሜ" ነው ርዕሱ፣ የቤተሰብ ስሜ ማለት ነው፦ ከየት መጣ፣ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ በዓለም ላይ ስንት ሰው ይጠራበታል፣ የት የት። የፊታችን ሳምንት ማክሰኞ ክፍል ፊት ቆማ ታነባለች። እኛ ሰርኔም የለንም ብላት ሳቀችብኝ። የልደት ወረቀቷን አምጥታ አሳየችኝ፦ ሊያ ዋስአገኘሁ። እውነቷን ነው። አገር ቤት ብትወለድ ሊያ መልካሙ ነበረች፣ አያቴን ከእሷ ጋር የሚያነሳው ሰው አይኖርም። እዚህ ግን የስደተኛ ቢሮው መስኮት ላይ ሰርኔም ሲሉኝ የስሜን መጨረሻ ሰጠኋቸው። መልካሙ ጴጥሮስ ዋስአገኘሁ። ሽማግሌው አያቴ ከሞተ በኋላ ጆ/በርግ ገባ።

መምህሯ ደግሞ የእናትሽ ሰርኔም ለምን ተለየ፣ ተፋተዋል ወይ ብላታለች። አስናቀች እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ በያት አለች። ተናዳለች።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6፤ ጧት 4 ሰዓት

ትናንት ማታ እራት ላይ ትርጉሙን ነገርኳት። ሳወራ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። የአያቴን አባት በግብር ጠብ ምስለኔው አሰረው። ዋስ ካላመጣህ አትወጣም ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ ዞር አለ። ሚስቱ ምጥ ላይ ነች። አንድ የማያውቀው ጨው ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ አለ። ለቀቁት። ቤቱ ሲደርስ ወንድ ልጅ ተወልዷል። ምስለኔው ፊት ያለውን ቃል ለልጁ ስም አደረገው፦ ዋስ አገኘሁ። የእኛ ቋንቋ ሌላ ነው፣ እኛ የዱራሜ ሰዎች ነን፤ ስሙ በአማርኛ የወጣው የምስለኔው ቋንቋ አማርኛ ስለነበረ ነው።

ሊያ ፈጥና ጻፈችው። ከዚያ የሰርኔም ካርታ የሚያሳይ ዌብሳይት ከፈተች። ኢትዮጵያ፦ ባዶ! አንድም ሰው የለም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አያቴ በገዛ አገሩ የለም። ደ/አፍሪካ፦ 3። ልክ ነው፦ እኔ፣ ሊያ፣ ትንሹ ልጄ ናቲ።

ካናዳ፦ 4።

ሊያ ካናዳ ዘመድ አለን እንዴ አለችኝ። የለንም አልኳት። ኮምፒውተር ያገኘውን ይለቃል አልኳት።

ረቡዕ፣ መስከረም 7፤ ሱቅ

አራት። ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሜይፌር ሰፈር በታክሲ ስመጣ ስቆጥር ነበር፣ መውረጃዬን አለፍኩት። ወንድሜ ዱራሜ ነው፤ የእሱ ልጆች ስም መጨረሻ ጴጥሮስ ነው። እህቴ ሐዋሳ ነች። የአክስቶቼ ልጆች የየአባታቸው ናቸው። ይህን ስም እንደ ሰርኔም አውጥቶ መስኮት ላይ የሰጠ ከእኔ ሌላ ማንም የለም። ታዲያ እነማን ናቸው?

ሊያ በስልኳ አንዲት ልጅ አግኝታለች። ቤቴል ዋስአገኘሁ። ካናዳ፣ ግሬድ 9። ዘመድ ነን ወይ ብላ ጽፋላታለች። ልጅ ነች፣ አትፈራም። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ባላውቅም አትጻፊላት ማለት ፈልጌ ነበር።

ዓርብ፣ መስከረም 9፤ ቀን 8 ሰዓት

ሱቁን ዘግቻለሁ። ውስጥ ነኝ። ሰው በሩን ያንኳኳል፣ አልከፍትም።

ልጅቷ መልሳለች። ሊያ ከት/ቤት ላከችልኝ፣ ደስታዋ። የልጅቷ አባት መልካሙ ዋስአገኘሁ ይባላል። የስሙን ትርጉም ጠይቃው ነግሯታል፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ምስለኔው፣ እስሩ፣ ምጡ፣ ጨው ነጋዴው። ሁሉም አለ። እንዲያውም የእኔ ላይ የሌለ ነገር አለበት፦ ነጋዴው ዋስ ሲሆን የበቅሎውን ኮርቻ ለመያዣ ትቶ፣ ራቁቷን በቅሎ እየሳበ ሄደ ይላል።

ከሥር ፎቶ። አባትና ሦስት ልጆች፣ በረዶ ላይ።

ተመስገን ነው። ተሜ! ወፍሯል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ግን ተሜ ነው። የአንድ ክፍል ጓደኛዬ፣ የአንድ ፍራሽ። ከድንበር እስከ ድንበር አብሬው በእግሬ የመጣሁት ሰው።

አንድ በአንድ ልጻፈው።

ሜይፌር አንድ ክፍል ለአምስት ይዘን ነበር። ካናዳ ያለ ቤተ ክርስቲያን ስደተኛ ይወስዳል ተባለ፣ እኔም ተሜም ፎርም ሞላን። እኔ ሎኬሽን፣ ከከተማ ውጭ ያለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ እጠብቃለሁ፣ ከተማ የምገባው በወር አንዴ። ደብዳቤ የሚመጣልን ፎርድስበርግ፣ ዕቃ በምናወጣበት ጅምላ ሱቅ አድራሻ ነው። የሁላችንንም ደብዳቤ የሚያመጣው ተሜ ነበር። የስደተኛ ወረቀት ሲታደስም እንደዚሁ፦ አንዱ የሁላችንን ይዞ ጎሕ ሳይቀድ ሰልፍ ይይዛል፣ ሌሎቻችን ሲነጋ እንደርስበታለን። ማንም ማንንም አይጠረጥርም። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ተሜ እያለቀሰ መጣ። ታክሲ መያዣው ጋ ቦርሳውን ነጠቁት፤ የእኔ ወረቀት ውስጡ ነበር። አጽናናሁት! እኔ እሱን! በሳምንቱ ፖሊስ መንገድ ላይ ያዘኝ፣ ወረቀት የለኝም። አርባ አንድ ቀን ታሰርኩ። ተሜ ሁለቴ ዳቦና ሙዝ ይዞ ጠየቀኝ። ስፈታ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደው አሉኝ። ደስ አለኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ወረቀት ፎቶው በሙጫ ነበር የሚለጠፈው። የእኔን ልጦ የራሱን ለጠፈ። ከካናዳ የመጣው የተቀበልንህ ደብዳቤ የእኔ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10፤ ጧት

አልበላሁም። አስናቀች ሁሉንም ሰማች። ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፣ አንዱን ሰበረችው።

አክስቴን ዱራሜ ደወልኩላት። ሰማንያ አልፏታል። እማዬ፣ ጨው ነጋዴው ምን ትቶ ሄደ ስላት፣ ኮርቻውን ነዋ፣ ረሳኸው እንዴ አለችኝ። ረስቼው ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ተጋድመን ለተሜ የነገርኩት እኔው ነኝ። የአያቴን ታሪክ ከእኔ ይልቅ እሱ አሳምሮ ይዞታል። ከወረቀቱ ይልቅ ይህ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ልጄ ለክፍሏ የምታነበው ታሪክ ከሌባ ተሟልቶ መጣ።

አሁን ሁሉም ነገር ይገባኛል። ከእስር ወጥቼ አዲስ ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ መስኮት ላይ ያለችው ሴት ኮምፒውተሯን አይታ፣ ይህ ሰው አገር ለቆ ወጥቷል አለችኝ። እኔስ ማን ነኝ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ስንት ዓመት ነው የተመላለስኩት? ጓደኞቼ ቋሚ ወረቀት ሲያገኙ፣ እኔ በየስድስት ወሩ ማራዘሚያ። ያንተ ፋይል ችግር አለበት። አባቴ ሲሞት መሄድ አልቻልኩም፣ በስልክ ለቅሶውን ሰማሁ። ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሴትየዋ ላይ፣ ዕድሌ ላይ ስጭን ኖርኩ። ስድቡን ሁሉ ለሌላ ሰው ስሰጥ ነው የኖርኩት።

አስናቀች ለካናዳ ኤምባሲ ጻፍ ትላለች። ዛሬውኑ። ሁለቴ ጀመርኩ። ሁለቴ ቀደድኩ። ፎቶው ላይ ትንሹ ልጅ ናቲን ያህላል። ይህን ስላት የማነህ ቅዱስ አለችኝ። ቅዱስ አይደለሁም። ቢገኝልኝ አንቀዋለሁ።

እሁድ፣ መስከረም 11፤ ከሰዓት በኋላ

ደወልኩለት። የልጅቷ ገጽ ላይ የእሱን የሥራ ስልክ አገኘሁ፣ ቀለም ቀቢ ነው። አነሳ። በእንግሊዝኛ፣ መልካሙ ነኝ አለኝ።

እኔም ነኝ አልኩት።

ከዚያ ለቅሶ። ለቅሶውን አውቀዋለሁ፣ ቦርሳዬን ነጠቁኝ ያለኝ ቀን ያለቀሰው ነው። አልራራሁለትም። ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ሊሰጠኝ ነበር አለ። ከዚያ የእሱ ፎርም ተቀባይነት አላገኘም የሚል መጣ። እኔ ብርቱ ስለሆንኩ መንገድ አላጣም ብሎ አሰበ። ብርቱ! አርባ አንድ ቀን መሬት ላይ የተኛሁት ብርቱ ስለሆንኩ ነው።

ከዚያ ስለ ራሱ ጀመረ። አባቱ በስሙ የሚጠራ የልጅ ልጅ ሳያይ ሞተ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መልካሙ ብለው ሲጠሩት ዛሬም ዞር ብሎ ያያል፣ ከኋላው የቆምኩ ይመስለዋል። አንተ ግን አሸነፍክ ትለኛለህ አለኝ። እንዳዝንለት ፈለገ! ስሜን ወስዶ፣ ዕጣዬን ወስዶ፣ የቀረችኝን ሐዘንም ሊወስድ። ጮህኩበት። ናቲ ከጓዳ ሮጦ መጣ።

መጨረሻ ላይ ልመና ጀመረ። ወንድሜ፣ ልጆቹ ምንም አያውቁም አለ። ቤቴል መጠየቅ ጀምራለች። እባክህ ሊያ ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ቤተሰብ ነው ብላ ትጻፍላት። ለልጆቹ ብለህ አለኝ።

የእሱ ልጅ እንዳታዝን የእኔ ልጅ ትዋሽ ማለት ነው። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። የድሮ ልማድ ነው፣ ተሜ ሲለምነኝ እምቢ ብዬው አላውቅም።

ሰኞ፣ መስከረም 12፤ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ቤት

እስኪ ይህን ሰው እይልኝ ደብተሬ። መልሴን እንኳ አልጠበቀም። ጧት ልጅቷ ሊያን ብሎክ አድርጋታለች። እሱ ነው ያስደረጋት፣ ማን ሊሆን ይችላል። ስልኩንም አያነሳም። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ሳይሰናበተኝ።

ሊያ ከት/ቤት መጥታ ክፍሏ ገባች። ምን ብዬ አስቀየምኳት አባዬ ትላለች። የጻፈችውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እያነበበች ጥፋቷን ትፈልጋለች። በጣም ብዙ ጠየቅኳት መሰለኝ፣ ሩድ፣ ባለጌ ሆንኩባት መሰለኝ። ይቅርታ የምትልበት መንገድ እንኳ የላትም።

ይህን ማየት አልቻልኩም። እኔም ከእስር ወጥቼ ተሜ ለምን ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ጥፋቴን ስፈልግ ከርሜ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሳልደብቅ፣ ሳልጨምር። እስሩን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር፣ አፍሬ። አልቅሳ ጨረሰች። ከዚያ፣

"ያቺ የካናዳዋ ልጅ እኔ ልሆን ነበር ማለት ነው?" አለችኝ።

አንቺ አንቺ ነሽ አልኳት። መልስ አይደለም፣ እሷም ታውቃለች።

ቤቴል ምን አጠፋች አለችኝ። ምንም አልኳት። ታዲያ እሷን የሚያስባርር ነገር እንዳትጽፍ አለችኝ። አልጽፍም አልኳት። ተሜን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም፤ አላልኩም፣ እንጃ የምልም አይመስለኝም። ለኤምባሲ ግን አልጽፍም። የእኔን ፋይል በተመለከተ ሐሙስ ጠበቃ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ስለ ራሴ ብቻ አወራለሁ።

የቤት ሥራው ላይ ግን ውሸት አይገባም። ወሰንኩ። ነገ ሱቅ አልከፍትም። ሊያ እውነቱን ታነባለች፣ እኔ ክፍሉ ኋላ እቆማለሁ። አስናቀች ልትመጣ ነው፣ በገዛ አባቷ ስም።

ሊያ ወረቀቷን እንደ አዲስ ጀመረች። ካናዳ የሚለው ጋ ስትደርስ እርሳሷን አነሳች። የሰውየው እውነተኛ ስም ማን ነው አለችኝ። ተመስገን አልኳት። ሰርኔሙስ? እሱም የአያቱን ታሪክ እዚያ ክፍል ውስጥ ነግሮኛል፤ ሰነፍ ገበሬ ግን ጎበዝ ዘፋኝ ነበሩ ይል ነበር። እኔም የእሱን ይዣለሁ ማለት ነው። ተመስገን ላምቦሬ ሄራሞ፣ አልኳት። ቀስ ብላ በእርሳስ ጻፈችው።

እስክሪብቶ አምጪ አልኳት።