ከመንገዱ ላይ ያጠፋችሁት ሰው

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ለማንም አላስጻፍኩም። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ቢሆንም፣ የሆዴን ለመጻፍ አያንሰኝም።

«እማዬ፣ ሐሙስ በደጃችሁ አልፋለሁ፤ እኔ እነዳለሁ፣ ባሌ ከኋላ ተቀምጦ ድሮኑን ያበርራል፤ ለአንድ ደንበኛ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ልንቀርጸው ነው» ብለሽ ደወልሽ። አባትሽ ይህን ሲሰማ ለወራት የተኛበትን አልጋ ጠላው። እኔና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግፈን አወጣነው፤ መንገድ ዳር ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ሊድሩዎት ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችው።

መጀመሪያ ድሮኑ መጣ። አባትሽ ቀና ብሎ አየውና «ይህችኛዋ ንብ ማር የላትም» አለ። ከዚያ መኪናሽ ብቅ አለ። እጁን አነሣ። አንቺ አንገትሽን እንኳ ሳታዞሪ አለፍሽ።

እኔ ደሜ ፈላ። እሱ ግን የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር አይደል? «አየሻት? ፍጥነቷን ቅንጣት አላዛነፈችም! መኪናው ካቆመ ቀረጻው እንደ አዲስ እንደሚጀመር ቀድማ ነግራኛለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» አለ። እንግባ ስለው «ስትጨርስ ትመለሳለች፣ ተይኝ» አለኝ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ እስኪገባ ጠበቀሽ። አልተመለስሽም።

ፊልሙን ስትልኪልን በልብስ ሰፊዋ ስልክ አየነው። ደጃችን ላይ ሲደርስ አባትሽ ዓይኑን አጥብቦ «እኔስ? የት ሄድኩ?» አለ። ወንበሩም የለም፣ እኛም የለንም፤ ባዶ መንገድ ብቻ። ደውዬ ስጠይቅሽ ሳቅሽ።

«እማዬ ደግሞ! መንገዱ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ዳር የቆመውን ሰው ሁሉ ባሌ ከምስሉ ላይ ያጠፋዋል። ደንበኛው የሚፈልገው እንደዚያ ነው።»

አባትሽ አጠገቤ ሆኖ ሰማሽ። «ልክ ናት፤ ሥራ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪሞት ድረስ ስምሽን አላነሣም።

ለቀብሩ ደረስሽ፤ አለቀስሽ፤ ሰውም አዘነልሽ። ትናንት ደግሞ «የአባዬን የቅርብ ጊዜ ፎቶ ላኪልኝ፤ አሳድጌ ሳሎን ልስቀለው» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እኔ ጋ የለም። የመጨረሻው ምስሉ እናንተ ጋ ነበር፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እጁን አንሥቶልሽ። ባልሽን ጠይቂው፤ ያልነካካው ቅጂ ከተረፈው እሱን ስቀዪ። ካልተረፈው ግን ያንን ባዶ መንገድ ስቀዪና፣ እንግዳ ሲጠይቅሽ በጣትሽ እያሳየሽ «አባቴ እዚህ ጋ ነበር» በዪ።

እናትሽ