ወጌሻ ያለው ማን ነበር

ጥር 19፣ ሰኞ

ሱቅ ዋልኩ። ገበያው ቀዝቃዛ። አንድ አባት የመነፅራቸው ብሎን ወልቃባቸው መጡ። ላጠብቃት ስል የቀኝ እጄ አንጓ ጠዘጠዘኝና መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ሳሊሀ ተነስታ ሥራውን ተቀበለችኝ። ብዙ ዓመት አብረን ስለሠራን መጠየቅ ትታለች።

ሐሙስ ኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ራጁን መብራት ላይ ለጥፎ አሳይቶናል። አንጓዬ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ከዓመታት በፊት ስወድቅ ተሰብራ፣ በጊዜው ሳትያዝ ቀርታ ሞታለች። አሁን ጎረቤቶቿንም እያበላሸች ነው። ስለዚህ ሁሉንም በብረትና በብሎን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። "ሕመሙ ይሄዳል። ጣቶችሽ ይሠራሉ። አንጓሽ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም" አለኝ። ከእንግዲህ… እንደ ቀላል ነገር ነው ያላት።

ቀጥሎ "ስትወድቂ ለምን ያኔውኑ አልመጣሽም?" ብሎ ጠየቀኝ።

አፌን ሳልከፍት መድኃኔ መለሰ። ባሌ። "ምን ላድርግ ዶክተር፣ ሆስፒታል እንሂድ ስላት ወጌሻ ይሻለኛል አለች። እልኸኛ ናት።"

እኔ? ወጌሻ ያልኩት እኔ ነኝ?

ሐኪሙ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ድፍረት ሲገጥመኝ ምላሴ ይታሰራል፤ የምቃጠለው ቤት ገብቼ ነው። ታክሲ ውስጥ "ምነው እንደዚያ አልክ?" አልኩት። "ምን አልኩ?" አለኝ። የምሩን ይመስላል።

ጥር 25፣ እሑድ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ኦፕራሲዮኑ ተሠራ። ለመሙያ ከዳሌዬ አጥንት ወስደዋል። ከእጄ ይልቅ ዳሌዬ ያመኛል። ደከመኝ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

አደይ ምብራት ሊያስታምሙኝ መጡ። የመድኃኔ እናት። ጓዛቸው ሲታይ እስከ ፋሲካ የሚቆዩ ይመስላሉ።

ምሳ ላይ በግራ እጄ ልጎርስ ስል "በግራ አይበላም፣ ጓለይ" አሉኝና፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ያጎርሱኝ ጀመር። ሳላላምጥ ሌላ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከበርበሬው ነው ብዬ አለፍኩት።

ጡት መያዣዬን የሚቆልፍልኝ መድኃኔ ነው። ቀሚሴን የሚያጠልቅልኝም እሱ። እጁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። ይሄው ነው የሚያናድደኝ። ቢያመናጭቀኝ ይሻለኝ ነበር… ቢያንስ እንደ ልቤ እጠላው ነበር።

የካቲት 2፣ እሑድ

ጠያቂ ጎርፎ ዋለ። የመድኃኔ የባንክ ሰዎች፣ የእድር ሴቶች፣ ጎረቤታችን ፀደንያ ከነልጆቿ። ብርቱካኑ ከወንበሩ በላይ ሆነ።

ሁሉም ያንኑ ይጠይቃሉ። "እንዴት ሆና ነው?" የሚጠይቁት ደግሞ እሱን ነው። አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ፣ የሚጠየቀው እሱ።

ወሬው አድጓል። ለሐኪሙ ሲናገር አጭር ነበር። ዛሬ ዝናብ ገባበት፣ ቢጫ ጃንጥላ ገባበት፣ የኮንትራት ታክሲ ጠርቶ በሩን ከፍቶ መቆሙ ገባበት። "ግቢ ብዬ ለመንኳት፣ በእግዜር ስም ለመንኳት" አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ፀደንያ "እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል" አለች፣ ወደኔ ዞራ። መድኃኔ ብርቱካን እየላጠ አጎረሰኝ። በሰው ፊት ሲልጥ ነጩን ሽፋን ሳይቀር ያነሳል። ሰዎቹ ሲወጡ ልጣጩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ለራሴ ልጻፈው። ካልጻፍኩት እኔም ማመን እጀምራለሁ።

ሐምሌ ነበር። ዝናብስ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስንወርድ ኬክ ቤቱ በር ላይ አዳለጠኝ። በመዳፌ ነው ያረፍኩት። ቋ ሲል ሰምቼዋለሁ። "ሆስፒታል ውሰደኝ" አልኩት። "ለዚች ብለን ቀኑን ሙሉ ወረፋ ልንይዝ? እናቴ የምታውቃቸው ወጌሻ አሉ። አባቴን ያሹት እሳቸው ናቸው" አለኝ። ሁለተኛም አልኩት። ሦስተኛ ስለው "አትሞላቀቂ" አለኝ። ጃንጥላ አልነበረንም። ሰውየው ቅቤ ቀብተው ሲጎትቱኝ ጩኸቴ ውጭ ድረስ ተሰማ። "ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው" ብለው አሰሩልኝ።

ይኸው ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ክሩ ወጣ። ጀሶ ገባ። ያከከኛል፣ አይደረስበትም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ልጄ ኢየሩስ ከግቢ መጣች። ስድስት ኪሎ ሆና ባሕር ማዶ ያለች ያህል ነው የምትጠፋው። ፈተና አለብኝ ትላለች። ዛሬ ግን ፀጉሬን አጠበችልኝ። ጣቶቿ ሲያሹኝ ደስ አለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

"እማዬ፣ ያኔ አባዬን ብትሰሚው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ" አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሳሙና ገባበት።

"ማን ነገረሽ?"

"ሁሌ ነው እኮ የሚያወራው። ታክሲ ጠርቶ፣ አንቺ እንቢ ብለሽ…"

ያኔ አክስቷ ጋ ነበረች፣ አላየችም። ስለዚህ ነገርኳት። ከላይ እንደጻፍኩት፣ ቃል በቃል። ፀጉሬን በፎጣ እየጠቀለለች ሰማችኝና "እሺ፣ እማዬ" አለችኝ።

ያቺን "እሺ" አውቃታለሁ። እኔም ለእናቴ ስትታመም እላት ነበር።

ሌላው ያሻውን ይመን። ፀደንያም ትመን። የወለድኳት ልጅ ግን እልኸኛ ሆኜ እጄን ያጠፋሁ ሞኝ አድርጋ ታስበኝ? በቁሜ? ይሄን አልውጥለትም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጀሶው ወጣ። ክንዴ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ የሌላ ሰው ክንድ መሰለ። ጠባሳው ከእጄ ጀርባ ተነስቶ ሽቅብ ይሄዳል።

ታጠፍ ብዬ አንጓዬን አዘዝኩት። አልሰማኝም። አእምሮዬ ትእዛዙን ይልካል፣ እዚያ የሚቀበል የለም።

ፊዚዮቴራፒስቱ ጣቶቼን እየቆነጠጠ "ጎበዝ" ይለኛል። ሕፃን ሳልሆን ትልቅ ሴት መሆኔን ማን ይንገረው። ግን ሕመሙ… ያ ሌሊትና ቀን የሚጠዘጥዘኝ የለም። የብሎኖቹ ቦታ ብቻ ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ሻለኝ ካልኩ መድኃኔ የራሱ ሥራ ያደርገዋል።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሱቅ ሄድኩ። ገና ነው ብለውኝ ነበር፣ ሄድኩ።

የማልችለውን በየቀኑ አዲስ አገኛለሁ። ጨርቅ መጭመቅ። ከቦርሳ ሥር ሳንቲም መልቀም። ፊቴን ለመታጠብ ውኃ በሁለት እጅ መዝገን። ጭልፋ ስይዝ ክርኔን እንደ ክንፍ ካላነሳሁ ወጡ አይወጣም። ሰው ሲጨብጠኝ እጄን ሊወዘውዝ ይፈልጋል፤ መላ ሰውነቴ አብሮ ይወዛወዛል።

ሳሊሀ የምሠራበትን ጠረጴዛ ከሥሩ ጣውላ አስገብታ ከፍ አድርጋዋለች። የመፍቻውን እጀታም በጨርቅ ጠቅልላ አወፍራዋለች። "ክንድሽን ሙሉውን አስተኚው፣ ሥራውን ለጣቶችሽ ተይላቸው" አለችኝ። አንዷን ብሎን ሳስገባ ረፋዱ አለቀ። ገባች ግን። አላጨበጨበችልኝም፣ "ጎበዝ"ም አላለችኝም። ሁለተኛ መነፅር አቀበለችኝ። ለዚህ ነው የምወዳት።

"ባልሽ ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ለደንበኞች የአንቺን ነገር ሲያወራ" አለችኝ።

"ምን አለ?"

"ታክሲውን።"

"አመንሽው?"

መነፅሩን በጨርቅ እየወለወለች "ያኔ በማግስቱ እጅሽ ታስሮ ስትመጪ የነገርሽኝን አልረሳሁም" አለችኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ስቅለት። ጊዮርጊስ ሰው በሰው ሆኗል። ሁሉም ሲሰግድ መዳፉን ምድር ላይ ያነጥፋል። የእኔ መዳፍ አይነጠፍም። በጡጫዬ ሞከርኩ፣ ክንዴን ነዘረኝ። ከዚያ በኋላ ቆሜ ራሴን ብቻ ዝቅ አደረግሁ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ በዓይናቸው ገረፉኝ። ያሳየኋቸው ጠባሳዬን ነው፣ ምላሴን ባወጣባቸው ይሻል ነበር፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይቅርታ አድርጊ ይሉኛል በዚህ ቀን። ለማን? አጥፍቻለሁ ላለ ሰው ነው እንጂ ምንም አላደረግሁም ላለ ሰው ይቅርታ በየት በኩል ይሰጣል?

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ወጣልኝ።

ጋሽ በርሄ፣ የአደይ ምብራት ታናሽ ወንድም፣ ከመቀሌ መጥተው ነበር። ኢየሩስም አለች። ዶሮው ቀርቦ፣ በቀኝ እጄ እየበላሁ ነው፤ ክርኔ ከፍ ዝቅ ሲል ጋሽ በርሄ አዩና "እንዴት ሆነሽ ነው፣ ልጄ?" አሉ። እኔን ነበር የጠየቁት።

መድኃኔ ጉርሻውን ዋጥ አደረገና "ሐምሌ ነበር…" ብሎ ጀመረ።

"ያልከው አንተ ነህ" አልኩት።

"እ?"

"ወጌሻ ያልከው አንተ ነህ። እኔ ሆስፒታል ውሰደኝ ብዬሃለሁ። ሦስት ጊዜ። አትሞላቀቂ አልከኝ። ታክሲ አልጠራህም። ጃንጥላም አልነበረንም።"

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። 

መድኃኔ ፈገግ ሊል ሞከረ። "በበዓል ምድር ምን ነካሽ? መድኃኒቱ ነው…" አለ፣ ወደ አጎቱ እያየ።

"መድኃኒት ካቆምኩ ቆየሁ።"

አደይ ምብራት "ይብቃ፣ በዓል ነው" አሉ። ጋሽ በርሄ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ተክለው ቀሩ። ኢየሩስ አባቷን ታየዋለች። እሱ አላያትም። መብላቴን ቀጠልኩ። ሌላ ሰው አልበላም። ዶሮው ጥሩ ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

አደይ ምብራት ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ከወንድማቸው ጋር ይሄዳሉ። በር ላይ ሳምኳቸው። ጆሮዬ ሥር "እውነትሽን ነው፣ ጓለይ" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ልጄ ነው።"

ይህን ብለው ሄዱ። እኚህን ሴትዮ መጥላት ፈልጌ አልሆነልኝም። ምክንያታቸውን ቢያንስ በአንዲት ቃል ተናገሩት።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

"በዘመዶቼ ፊት አዋረድሽኝ" አለኝ ዛሬ። እስካሁን አኩርፎ ነበር።

"አንተ በከተማው ፊት ነው ያዋረድከኝ።"

"እኔ የተንከባከብኩሽ? የለበስሽውን ሁሉ ያለበስኩሽ?"

"ማልበስህን ማን ካደ? ሆስፒታል ማለቴን ነው የካድከኝ።"

አልገባውም። ወይም ገብቶታል። ከዛሬ ጀምሮ ኢየሩስ አልጋ ላይ እተኛለሁ። ጡት መያዣውን ከፊት የሚቆለፍ ገዛሁ። ቀሚስ ቀርቶ ሸሚዝ እለብሳለሁ። ቁልፎቹ ያስለፉኛል፣ ግን አንዷንም ቆልፍልኝ ብዬ አልለመንኩትም።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ኢየሩስ ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና ጠየቀችው። እኔ አልገፋፋኋትም።

"አባዬ፣ ወጌሻ ያልከው አንተ ነህ ወይስ እማዬ?"

 ውኃ ጠጣ።

"ቆይቷል እኮ። አላስታውስም" አላት።

"የጃንጥላውን ቀለም ታስታውስ ነበር" አለችው።

ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። እሷ ሳህኑን አነሳሳች። ዕቃ ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ "ያኔ ፀጉርሽን ሳጥብሽ አላመንኩሽም ነበር" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኳት።  ሳህኖቹን እሷ ታጥባለች፣ እኔ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ አደርቃለሁ። አንዱ አምልጦኝ ተሰበረ። አልደነገጥንም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ዋልኩ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ "አንድ አጥንት ሆኗል" ብሎኛል። ብርድ ሲሆን ይሰማኛል እንጂ አያመኝም።

ቤት ውስጥ "ደህና ዋልሽ"፣ "ደህና ዋልክ" ነን። አልታረቅንም። ሽማግሌ ልላክ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ያንተን ወሬ ሰምተው ከሚመጡ ይቅሩ አልኩት።

ዛሬ ከሰዓት የመድኃኔ የድሮ አለቃ፣ አቶ አባይነህ፣ ሊጠይቁን መጡ። ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ስለከረሙ አሁን ነው የሰሙት። ሻይ አፈላሁ። ራሴ አፈላሁ፣ ትሪውን ራሴ ያዝኩት። ኢየሩስ ከመጽሐፏ ቀና ብላ አየችኝ፣ አልተነሳችም።

አቶ አባይነህ እጄን አዩና እንደ ሰው ሁሉ ወደሱ ዞሩ። "ምነው? እንዴት ሆኖ ነው ይሄ?"

መድኃኔ ስኳሩን ያማስል ነበር። ማማሰሉን ተወ። ኢየሩስን አየ። መጽሐፏን ዘግታለች።

"እሷን ይጠይቋት" አለ።

እውነቱን መናገር አልነበረም። ከዚያ ያነሰ ነው። አላዘንኩለትም፣ አላመሰገንኩትምም። ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ሲጋራ ሊገዛ፣ ስልክ ሊያነሳ… አልተነሳም።

ትሪውን አስቀመጥኩ። አቶ አባይነህ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩና ከዝናቡ ጀምሬ ነገርኳቸው። "አትሞላቀቂ" ያለችውንም አልዘለልኳትም። መድኃኔ አቀርቅሮ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይዞት፣ እስከ መጨረሻው ሰማ።