ከመጨረሻው ፎቅ በላይ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ፊደሌ ከተንገዳገደብህ በመንገዱ ፍረድ። የምሄደው ደራሲዎች ለአንድ ወር ከሰው ተለይተው ወደሚጽፉበት ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ነው። ብትኖር "ቀለሜ፣ ለመጻፍም ትኬት ይቆረጣል እንዴ?" ብለህ መሳቂያ ታደርገኝ ነበር።

የምጽፈው ስለ አንተ ነው። ለሰው ሁሉ "አስማትና እውነት የተቀላቀለበት ልብ ወለድ ነው" እያልኩ ስሸፋፍን ከርሜአለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ የሊፍት ጠጋኝ አለ። የጠገነው ሊፍት አንድ ቀን ከመጨረሻው ፎቅ አልፎ ይወጣል። ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቆምም፤ ሰውዬው ውስጡ ሆኖ ያፏጫል፣ የሕንፃው ነዋሪዎችም ፉጨቱን በየግድግዳቸው ይሰማሉ። አንተ ስትጠግን የወደቅክበትን የሊፍት ጉድጓድ ግን የትም ቦታ አልጻፍኩትም።

አርታኢዬ ረቂቁን ስትመልስልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ እንዲህ ብላለች፦ "ፉጨቱን ወድጄዋለሁ። ግን ሰውዬው ሞቷል ወይስ አልሞተም? አንባቢው ባያውቅ ግድ የለኝም፤ ደራሲዋ ግን ያወቀች አትመስለኝም።" በንዴት ጦፍኩ። ደውዬ ልሰድባት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ላርም ቁጭ አልኩ። አንድ ቃል እሰርዛለሁ፣ መልሼ እጽፈዋለሁ፤ አንተን ከዚያ ላይ ለማውረድ ግን እጄ እምቢ አለኝ። መሄዱንም የፈራሁት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ሰበብ አይጠፋም፤ እማዬ አለች፣ ያልታጠበ ሰሃን አለ። እዚያ ግን አንተና እኔ ብቻ ነን።

ትናንት ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ረቂቁን አልጋው ላይ ትቼ ፎጣ ላወርድ በረንዳ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከሻንጣው ጎን ተቀምጣ ታነባለች። ክው አልኩ። ስለዚያ ቀን ሁለታችን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ሊፍት እንኳ አልረገጥንም። እሷ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ አምስት ፎቅ በደረጃ ትወጣለች፣ እኔ ዘንቢሏን ይዤ እከተላታለሁ፣ ሰው ሲጠይቀን ለጤና ነው እንላለን።

"ይሄ ልጄ ነው?" አለችኝ።

"ልብ ወለድ ነው፣ እማዬ።"

"ልብ ወለድ ከሆነ ምነው እንደሱ ያፏጫል?"

ጥቂት አነበበችና "በቱታ ብቻ ነው እንዴ የሰደድሽው?" አለች።

"ሥራ ላይ ስለሆነ..."

"ላይ እኮ ይበርዳል። ሹራብ አልብሺው።"

"እማዬ፣ እሱ..."

"መሞቱን እኔ አውቃለሁ" አለች፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። "አንቺ ነሽ እሺ ያላልሽው። ይውጣ፣ ማን ከለከለው? ብርድ ላይ ግን አትተይብኝ።"

መነጽሯን አውልቃ ወደ ኩሽና ሄደች። አንጀቴን በላችው። የቀረውን ልብስ እንዴት እንዳጣጠፍኩት አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ባነሳው መጽሐፍ ሞልቼበት ድንጋይ ሆኗል። ወደ ደረጃው ስዞር እማዬ "ወገብሽን ልትሰብሪ ነው?" ብላ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነች። በሩ ሲከፈት "ግቢ" አለችኝ። ገባን። እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ በሩ ላይ እንዳፈጠጠች፣ እስከ ምድር ቤት ወረደች።

ከታች ጉንጬን ሳመችኝና ተመልሳ ገባች። "እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።" በሩ ተዘጋ። እግሬ ግን አልሄድ አለኝ። ከበሩ በላይ ያለውን ቁጥር አንጋጥጬ ቆምኩ። ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ አራት አለ። ወንድም ጋሼ፣ አብዳለች በለኝ፤ አያቆምም ብዬ ፈራሁ። የራሴ መጽሐፍ አስፈራኝ። አምስት ላይ ሲቆም ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የሕንፃው ጥበቃ እየሮጠ መጣ። "ምነው እህቴ፣ ምን ሆንሽ?"

"ወንድሜ ሞቶብኝ" አልኩት።

"ውይ! እግዜር ያጥናሽ። መቼ?"

"ቆይቷል" አልኩት። ግራ ገብቶት ሻንጣዬን እስከ መንገዱ ተሸከመልኝ።

እዚያ ስደርስ ጉድጓዱን እጽፈዋለሁ። ሊፍቱ ባዶውን ይመለሳል፤ የጠጋኙ እናት ከታች ቆማ በሩ ሲከፈት ታየዋለች። እንዴት እንደምጽፈው ገና አላውቅም፣ እንደምፈራም አልደብቅህም። ፉጨትህን ግን ንክች አላደርገውም።

አሁን ረቂቁን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከአርታኢዬ ቀይ ጥያቄ ሥር "ሞቷል" ብዬ መለስኩላት። ይሄኛው መንገዳገድ የመንገዱ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ "ሹራብ ለብሷል" ብዬ ጨመርኩ። ያንተኑ ግራጫውን፣ ክርኑ የተበሳውን።

ደህና ሁንልኝ፣ ወንድም ጋሼ።

ቀለሜ