ፍሬሙ የዋጠው መንገድ

ወንድሜ ረጅሙ፣

ይህን ፖስት ካርድ ገልብጠህ እይ። አባባ ያዘዙኝ ሥዕል ይኸው ነው፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ ቀጭን መንገድ። ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ወዲህ ባዶው ግድግዳ ሰልችቷቸው የለ? ስሰናበታቸው "መንገድ ያለበት አምጣልኝ" ነበር ያሉኝ።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ፍሬም የገባለትን ሳየው መንገዱ የለም። ካርዱን አጠገቡ ይዤ ሁለቴ አስተያየሁ። ሻጩ ሳቀብኝ።

"ያው ነው ጋሼ። ኅትመት ነው፣ ምን ይለያል?"

"መንገዱስ?"

"ምን ያደርግልዎታል፣ ሊሄዱበት ነው?"

"የሚሄዱበት ሽማግሌ አሉ።"

"ጀርባውን ልየው" ብሎ ይዞት ወደ ጓዳ ገባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ተከተልኩት። የእኛ ሰፈር አናጺ እንኳ ሲያጭበረብር ዓይንህ እያየ ነው የሚቆርጠው፤ ይኼኛው ጀርባውን በወረቀት አሽጎታል። እያጉረመረመ ቀደደው። ፍሬሙ ጠብቦት ኖሮ፣ መንገዱን ሦስት ጣት ያህል ወደ ኋላ አጥፎ ከእንጨቱ ሥር ቀብሮታል።

"ነገ ሰፋ ባለ ፍሬም አዘጋጅልዎታለሁ" አለኝ። ነገ ደግሞ ምኑን እንደሚያጥፈው ማን ያውቃል? ፍሬም የሌለውን ቅጂ ራሴ ከመደርደሪያው መርጬ፣ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ሆቴል ገብቼም አንዴ ዘርግቼ አይቼዋለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እናት ዓለምን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ሥዕሉን ይዤ ስመለስ አናጺውን እዚያው ቤት አስጠራው፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ፍሬሙን ይለካ። አባባ እያዩት ማንም አያጥፍም።