ማርከሩ «ፐርማነንት» ይላል

ሰኞ
ቁጥሮቹ የሉም። ሃያ አራት ስኒ አፈር ከማቃጠያው ምድጃ፣ ከፈርነሱ፣ አወጣሁ፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። ጠዋት በማርከር የጻፍኩት ሁሉ ተቃጥሏል። ማርከሩ ላይ «ፐርማነንት»፣ የማይጠፋ፣ ይላል እኮ። ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ስሠራ ካርቶን ሁሉ ላይ የምጽፈው በእሱ ነበር። ካርቶን ግን ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ ውስጥ አይገባም።

የአፈር ላብራቶሪው ሥራ ቀላል ነበር፦ አፈሩን ማድረቅ፣ መመዘን፣ ማቃጠል፣ መልሶ መመዘን። የጎደለው ክብደት ተቃጥሎ ያለቀው ኦርጋኒክ ቁስ ነው። የትኛው አፈር የየትኛው ገበሬ እንደሆነ ካላወቅኩ ግን ምን ዋጋ አለው? ሳወጣቸውም ተራቸውን አደበላለቅኩት። ፕሮቤሽኔ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ዓርብ ያልቃል። ለአለቃዬ ለሊንዳ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ
አፈሩን ለሚፈጩት ለጋሼ ሰይድ ነገርኳቸው።
«በማርከር?» አሉ። ምነው ባልነገርኳቸው አልኩ በሆዴ። ከዚያ «በእርሳስ ነው የሚጻፈው ሰናይት፤ እርሳስ ፈርነስ ውስጥ አይጠፋም። ስኒዎቹን ባዷቸውን መዝነሽ የለ?» አሉኝ።
መዝኛለሁ። ከየቁጥሩ ጋር ደብተሬ ላይ አለ።
«ታዲያ ሁሉም እኩል ናቸው?»
አይደሉም። ለካ እያንዳንዱ ስኒ የራሱ ክብደት አለው። በክብደቱ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል።

ረቡዕ
ከነአመዱ መዘንኩ። አመዱን ደፋሁ፣ ጠረግኩ፣ ባዶውን ስኒ መዘንኩ፣ ደብተሩ ላይ ፈለግኩ። ቁጥር አሥራ አንድ፤ የሉዊስ ሴንተሩ ገበሬ የበቆሎ ማሳ። ሰባት። ሃያ። እንዲህ እያልኩ ከሃያ አራቱ ሃያ ሁለቱን አገኘሁ።

ዘጠኝና አሥራ ስድስት ግን ባዶ ክብደታቸው የሚለያየው በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነው። ደግሜ ስመዝን እሷም ትቀያየራለች። በግምት ልሙላው? ማን ያውቅብኛል? ሰፈሬ ኖርዝላንድ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ሳሰላስል ፌርማታዬ አለፈኝ።

ሐሙስ
ለሊንዳ ነገርኳት። ማርከሩን፣ ሦስት ቀን መደበቄን፣ ሁሉንም። ውጤቱ ላይ በዘጠኝና በአሥራ ስድስት መስመር «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ።
«ለምን ሰኞ አልነገርሽኝም?» አለች።
ፈርቼ ነው አልኳት።
የሁለቱ ትርፍ አፈር አለ፣ ድገሚው ብላኝ ሄደች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ዓርብ
ደገምኩት፤ በእርሳስ። ዘጠኝም አሥራ ስድስትም ከፈርነሱ ቁልጭ ብለው ወጡ።

ሊንዳ ቀኑን ሙሉ አልጠራችኝም። ልወጣ ስል የሚቀጥለውን ሳምንት የሥራ ድልድል፣ ስኬጁሉን፣ በሩ ላይ ለጠፈች። የሌላው ሰው ስም ሁሉ ፕሪንት ተደርጓል። የእኔ ግን «ፈርነስ» ከሚለው መስመር ትይዩ በእጅ ተጽፏል፤ በእርሳስ።

ጋሼ ሰይድን ጎትቼ አሳየኋቸው። «ሊያጠፉት ይሆን እንዴ?» አልኳቸው።
መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «እርሳስ ነው እኮ፤ አይጠፋም» አሉኝ።
ላጲስ የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት እገባለሁ።