ቅዳሜ ዝም የምትለው ልጅ

ሰኞ፣ ሜይ 5

ብርዱ ገባ። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ከወገቤ በታች ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ አስተማርኩ። ደግነቱ ካሜራው ከደረት በላይ ብቻ ነው የሚያሳየው...

የጠዋቱ የኦንላይን ክፍል እንደወትሮው። ሶፎንያስ ፀጉሩን ሳያበጥር መጣ። ማራናታ ስክሪኑ ላይ ኮርንፍሌክስ ትበላለች። «ማራናታ፣ ቁርስ ነው ሳይንስ?» ብላት «ሁለቱም ቲቸር» አለች። ሴል ላይ ነን። «ለሴሉ ኃይል የሚያመነጭለት ማነው?» ብዬ አፌን ሳልዘጋ መልሱ በጽሑፍ መጣ። ፊቤ። ሁልጊዜ ፊቤ። ካሜራዋ ዝግ፣ ማይኳ ዝግ፣ ጣቷ ግን እሳት ነው። «ማይቶኮንድሪያ። እሱ ባይኖር ሴሉም እንደ እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋበት ነበር» ብላ ጻፈች። ሁሉም ሳቁ። እኔም።

ዙሉ የምታስተምርልኝ ልጅ ኬፕታውን ሥራ አግኝታ ሄደች። ደስ ብሎኛል፣ ግን ምትክ ከየት ላምጣ? ልጆቹ ዙሉ ይፈተናሉ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

የአዳራሽ ቀን፤ ሁላችንም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምንገናኝበት። ቅዳሜን እወዳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸውን ብቻ የማያቸው ልጆች እግር አውጥተው ይመጣሉ። ሶፎንያስ ረዝሟል። መቼ? ቤት የሚማር ልጅ ሰው ይናፍቀዋል መሰለኝ፣ ገና ከበሩ ጀምሮ ጫጫታ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ «ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

ፊቤ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሳናግራት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወይ ትከሻዋን። ያቺ የሰኞዋ ቀልደኛ የት ሄደች? ሶፎንያስ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ቲቸር፣ ያቺ የምትጽፈው የእውነት እሷ ናት?» አለኝ። ጆሮውን ያዝ አደረግኩት።

ከሰዓት አባቷ ጋሼ ሽጉጤ በባኪ መኪናቸው ሊወስዷት መጡ። አይቮሪ ፓርክ የስፓዛ ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሞተሩን እንኳ አላጠፉም።

«ዛሬስ አወራች?»

«ቀስ በቀስ ነው ጋሼ...»

ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ጋሼ ሽጉጤ ደወሉ። ፊቤን ጁላይ ላይ አገር ቤት፣ ዱራሜ፣ አክስቷ ጋ ሊልኳት ነው።

«ለምን?»

«እህቴ፣ አንቺን አልወቅስም። ጥሩ ታስተምሪያለሽ፣ ውጤቷን አይቻለሁ። ግን ልጄ ከሱቁ ጓሮ ስልክ ላይ ተደፍታ አደገች። ከእኛ ልጆች ጋር አንድ ቃል አትነጋገርም። እዚያ የአክስቷ ልጆች አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነው። ሰው ትሁን ብዬ ነው።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ እጣላቸው ነበር። ልጃቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ ከዳቬይተን ወደ አይቮሪ ፓርክ ሲዛወሩ በአካባቢው ያሉት ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር፣ እኔ ጋ የመጣችው ለዚያ ነው። እንጂ ቤት ውስጥ ላስቀምጣት ብለው አይደለም።

ከራት በኋላም ነገሩ ከራሴ አልወጣም። እሑድ ቤታችሁ ልምጣ አልኳቸው። «ነይ፣ ሱቅ ነን» አሉ።

እሑድ፣ ሜይ 18

መገረሜ አላባራም።

ከቸርች በታክሲ ሄድኩ። ገና ሱቁ ጋ ሳልደርስ የሴት ልጅ ሳቅ ይሰማኛል። ከፍ ያለ፣ ለቀቅ ያለ ሳቅ። ቀረብ ስል... ፊቤ! በብረት ፍርግርጉ መስኮት ዳቦ እያቀበለች፣ በዙሉ እንደ ጉድ ታወራለች። አንዱን ጎረምሳ ታሾፍበታለች፣ ለአንዷ እናት ሕፃኑ እንዴት አደረ ትላለች። ከሱቁ ደጅ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው የተቀመጡ አንዲት አዛውንት አሉ፤ አንድ ቃል በተሳሳተች ቁጥር ጣታቸውን አንስተው ያርሟታል፣ እሷም ደግማ ትለዋለች። ጎጎ ታንዲ ይባላሉ፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። የዙሉ መምህርት ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። «እኔ ዳቦ ልገዛ አይደለም የምመጣው፣ ለወሬ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ፊቤ እኔን ስታይ አፏን ዘጋች። ልክ መብራት እንደጠፋ።

እናቷ በለጥሽ ሱቁን ያዘችልንና ጓሮ ወጣን። ፊቤ ጤፍ በሚያክል ድምፅ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እኔ ገና ሳልደርስ፣ ፓስተሩን «እንዴት ነሽ?» ብላ ሰላም አለቻቸው። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ሶፎንያስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ አለች። ከዚያ ወዲህ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ አልወጣትም።

«ቤት ከምባትኛ ነው። በከምባትኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው ቲቸር። በዙሉም አንድ ነው። በእንግሊዝኛም። አማርኛ ብቻ ነው ሰውየውን ቀድሞ የሚያየው።»

እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናቴ አማርኛ እየጋተችኝ ስላደግኩ ይህን አስቤው አላውቅም። ለካ አስቸጋሪ ነው!

ሰኞ፣ ሜይ 19

ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋት ጥርሴን ስፋቅ መጣልኝ። ጎጎ ታንዲ! ዙሉ ያስተምሩልን። ቅዳሜ፣ አዳራሽ።

ደወልኩ። ሳቁ። «ቋንቋችሁን አላውቅም። ልጆቻችሁ ሲንጫጩ ማን ያስረዳኛል? የእኔ ልጅ አጠገቤ ከቆመች እመጣለሁ።» የእኔ ልጅ የሚሉት ፊቤን ነው።

ፊቤ «አልችልም» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ «ጎጎ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብቻቸውን ታክሲ አይወጡም» ብላ ጻፈች። ከዚያ «እሺ። ግን በእንግሊዝኛ ብቻ።»

እሺ ነው የምለው! በፈለግሽው ቋንቋ!

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

እንዲህ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጉንጬን እያመመኝ ነው የምጽፈው።

ጎጎ ታንዲ በእንቁላል ጀመሩ። ኢቃንዳ። ይቺ «ቃ» የእኛ ቃ አይደለችም፤ ምላስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ቡሽ እንደሚነቀል ጧ ሲል ነው። ልጆቹ ሲሞክሩ አዳራሹ የቆርኪ መክፈቻ ቤት መሰለ። ሶፎንያስ ምራቁን ማራናታ ላይ ረጨ። ጎጎ «አይደለም፣ አይደለም» ይላሉ፣ እሱ ይደግማል፣ ይረጫል። ፊቤ ከጎናቸው ቆማ ትዕግሥቷ አለቀ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተባለውን ረስታ፣

«ሶፎንያስ፣ አፍሽን ክፈቺ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አበቃ አልኩ በልቤ። ፊቷ ቀላ። ወዲያው ደንግጣ ልታርም ሞከረች፣

«ማለቴ... አፍዎን ይክፈቱ!»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ለሶፎንያስ «አፍዎን ይክፈቱ»። ማራናታ ከወንበር ወደቀች። እሱ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀና ተነሥቶ ኮቱን እንደ ትልቅ ሰው አስተካክሎ «እከፍታለሁ» አለ። ጎጎ «ምንድነው? ምን አለች? ንገሩኝ እንጂ!» ይላሉ። ማን ይንገራቸው? እኔ በሳቅ አልቻልኩም፣ ዙሉ አጥርታ የምትችለው ደግሞ ፊቤ ናት። ስለ አንተና አንቺ፣ ስለ እርስዎም አስረዳቻቸው። ጎጎ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ልጁን ከመቆጣቴ በፊት ወንድ ይሁን ሴት ማጣራት አለብኝ? እስካጣራ ይሸሻል!» ፊቤ ይህንን ለክፍሉ ስትተረጉም በአማርኛ ነበር። በአማርኛ! እሷ ግን ልብ ያለች አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ጎጎ «አንቺ» የምትለዋን ቃል ያዙ። ሁሉንም አንቺ። ሶፎንያስን አንቺ፣ ጥበቃውን አንቺ፣ ሻይ ሊጠጡ ብቅ ያሉትን ፓስተሩንም አንቺ። ፓስተሩ «አቤት ጎጎ» ብለው እጅ ነሱ። ፊቤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ዛሬም ጥሩ። ልጆቹ በተራቸው ለጎጎ «ጨው» አስተማሯቸው። አልወጣላቸውም። «ልሳኔ አርጅቷል» አሉ፣ ግን መሞከሩን አላቆሙም።

ለጋሼ ሽጉጤ በስልክ እየተፍለቀለቅኩ ነገርኳቸው። አልሞቃቸውም አልበረዳቸውም። «ዙሉማ ሱቅም ታወራለች። እሱ ከደንበኛ የተገኘ ነው። እኔ ያልኩሽ ሌላ ነው።»

«መጥተው ይዩዋት።»

«ቅዳሜ? ቅዳሜ ሱቅ ይዘጋል እንዴ?»

ተናደድኩ። ስልኩን ዘግቼ ሳህን አጠብኩ። ንጹሑንም ደግሜ አጠብኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 12

አክስቷ ዱራሜ ላይ ለፊቤ አልጋ ገዝታለች አሉ። በለጥሽ ናት በስልክ የነገረችኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «አባቷን ማን ይናገረዋል? እኔም እያለቀስኩ ነው። ግን ለእሷ ብሎ ነው...»

ፊቤ ጠዋት ክፍል ገብታ ምንም አልጻፈችም። ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ጠበቅኩ... ማንም አልመለሰም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከነገ ወዲያ የወላጆች ቀን ነው። ሁሉንም ጠርቻለሁ። ይመጡ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጁን 14

መጡ! ሱቁን ዘግተው። ቅዳሜ! ጋሼ ሽጉጤ ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው፣ በለጥሽ ነጠላዋን አጣፍታ። በሩ ጋ ቆሙ፣ ወንበር ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

ማራናታ የሴል ሞዴሏን አሳየች፣ ሶፎንያስ ግጥም ብሎ ግማሹን ረሳው። ከዚያ ጎጎ ታንዲ ለወላጆች ሊናገሩ ተነሡ። በዙሉ። ፊቤ ከጎናቸው ወደ አማርኛ ትመልሳለች። እጆቿን ከኋላዋ ቆላልፋ ነበር። ግን ድምፅዋ ወጣ። ተሳሳተች፣ አረመች፣ ቀጠለች። ጎጎ ልጆቹን አንድ በአንድ አመሰገኑ። «ሶፎንያስ ምራቁን እየቀነሰ ነው» ብላ ስትተረጉም አዳራሹ ሳቀ፣ እሷም ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። እንደ ትልቅ ሰው ጠበቀች።

ቀጥሎ ጎጎ ያልተነጋገርንበትን አደረጉ። ዱላቸውን ወደ በሩ አነሡና በዙሉ አንድ ነገር ጠየቁ። እኔ ያለችኝ ዙሉ ትንሽ ናት፣ ግን ሽጉጤ የሚለው ስም አላመለጠኝም።

ፊቤ አልተረጎመችም። መሬት መሬት አየች። ሰው ሁሉ ጠበቀ።

«ተርጉሚ» አሉ ጋሼ ሽጉጤ ከበሩ።

ሰውየው በዙሉ ሲነግዱ ስንት ዓመታቸው ነው? ገና ጎጎ ሳይጨርሱ ገብቷቸዋል። ከእሷ አፍ መስማት ነው የፈለጉት።

ፊቤ ቀና አለች። «ጎጎ... 'ሽጉጤ፣ ይህችን ልጅ ለምን ትልካታለህ?' ነው ያሉት።» ከዚያ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔም እጠይቃለሁ አባ። መሄድ አልፈልግም። ዱራሜ ደስ ይላል፣ አክስቴን እወዳታለሁ። ግን ጓደኞቼ እዚህ ናቸው። አሁን አሉኝ።»

ሶፎንያስ ከወንበሩ ተነሥቶ «አዎ፣ አላት!» አለ። ማራናታ ጎትታ አስቀመጠችው።

ጋሼ ሽጉጤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ወጡ። ባኪው ሲነሣ ሰማሁ... ሻይ መቅዳት ጀመርኩ። አስቀየምናቸው? በሰው ፊት? ጎጎን ላኩርፍ ብዬ ዞር ስል ኬክ እየበሉ ነው።

ወላጆች መበታተን ሲጀምሩ ባኪው ተመለሰ። ለካ ሱቅ ሄደው ኖሯል። ለስላሳ፣ ቺፕስ፣ ብስኩት ጭነው መጡ። አንዱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለፊቤ በከምባትኛ አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እሑድ፣ ጁን 15

ጋሼ ሽጉጤ ደወሉ። ለአክስትየው ነግረዋታል። «ተቆጣችኝ። አልጋ ገዝቼ አለችኝ። ለገና ሁላችንም እንመጣለን፣ አልጋው ላይ እኔ እተኛለሁ አልኳት።»

ሳቅሁ። ከዚያ «እንደዚያ ማውራት ትችል ነበር?» አሉኝ።

«አሁን ነው የቻለችው ጋሼ።»

«ተባረኪ።»

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ከዕረፍት በኋላ የመጀመሪያው አዳራሽ። አዲስ ልጅ መጥታለች፣ ሮሃ፣ ከዛንድስፕሩት። ጥግ ይዛ ልትቀመጥ ስትል ፊቤ ክንዷን ይዛ መሐል አስቀመጠቻት። «እዚህ ሁሉም ይሳሳታል፣ አትፍሪ» አለቻት። አትፍሪ። በትክክል።

ከዚያ ጀመረች። ስለ ጎጎ ነገረቻት፣ ስለ ሱቁ ድመት፣ ስለ ሶፎንያስ ምራቅ፣ እኔ ክፍልፋይ እያስረዳሁ፣ እሷ እያወራች፣ ሮሃ እየሳቀች፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ወደ እነሱ እያጠማዘዙ... አንዴ አየኋት፣ ሁለቴ አየኋት። ምንም።

«ፊቤ! በቃ፣ ዝም በይ!» አልኳት።

ማንን ዝም በይ እንዳልኩ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ረዘም ላለ ጊዜ ያልተጻፈ ነገር አጠፋሁ።