አንዴ ቋ ካለ

ጥቅምት 3
ዛሬም ላቦራቶሪው ውስጥ ብልቃጥ ሳጥብ ዋልኩ። ማጠቢያው ላይ ሳስቀምጠው ቋ ሲል ጋሼ ከማዶ «ቀስ በይ እንጂ፣ ልትፈጂን ነው!» አሉ። ሳቅኩ። ዶክተር ነው የሚሏቸው፣ እኔ ግን ጋሼ ነው የምላቸው። ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ጥቅምት 9
ጋሼ አያዩም! ለማን ልናገር? የኬሚካል ጠብታ የሚያሳርፉባት ትንሽ ነጭ ሳህን ቢጤ አለች፣ ክብሪት ሳጥን እንኳ አታክልም። እሷን ነጥቡን ከምታሳየው ሐምራዊ መብራት ስር ይዘው «ልጄ፣ ስንት ነጥብ ይታይሻል?» አሉኝ። ሁለት አልኩ። «እኔ ጭጋግ ነው የሚታየኝ…» ሳህኗን አስቀመጡና «የላቦራቶሪው ኃላፊ እንዳይሰማ። ይቺን ሥራ ልጨርስ ብቻ።» ከታወቀ እሳቸውን ጡረታ፣ እኔስ? አውቃ ደበቀች ብለው አያባርሩኝም? ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት…

ጥቅምት 15
ጋሼ ነጥቦቹን አስረዱኝ። የታችኛዋ ነጥብ አልኮሏ ናት፣ ፕሮፓርጂል ምናምን የሚሏት፣ ስሟ አፌ ላይ አይዞርም። ወርቅ ያለበት ካታሊስት ትንሽ ጠብ ሲደረግባት ውሃዋን ትጥልና ሌላ ነገር በቦታው ይጣበቃል። የላይኛዋ ነጥብ እሱ ነው፣ አዲሱ። የታችኛዋ ጠፍታ የላይኛዋ ብቻዋን ከቀረች ተሳካ ማለት ነው። ካታሊስቱስ? አልኩ። «እሱ አገናኝቶ እንዳለ ይወጣል።» «ታዲያ ደላላ ነዋ!» ብል «ደላላማ ኮሚሽኑን ሳይበላ ይወጣል?» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ኅዳር 2
ሁለት። ዛሬም ሁለት።

ኅዳር 11
ኃላፊው ነገ ሊያይ ይመጣል። ድሮ የጋሼ ተማሪ ነበር አሉ። ሥራው ካልተሳካ ጠረጴዛቸውን ለሌላ ሊሰጥ ነው። ሰው ፊት ሊጠይቁኝ አይችሉም፣ ዘዴ አወጣን። ሳህኗን ሳቀብላቸው ሰረቅ አድርጌ አይቼ ማጠቢያው ላይ ብልቃጥ አስቀምጣለሁ። አንዴ ቋ ካለ አንድ፣ ሁለቴ ካለ ሁለት።

ኅዳር 12
አንድ ነበር! በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ የታችኛዋ ድራሿ ጠፍቷል! ብልቃጡን አነሳሁ፣ ኃላፊው ከኋላዬ ቆሟል፣ ሽቶው ይሸተኛል፣ እጄ ተንቀጠቀጠና ቋ… ቋ። ሁለቴ። ምን አባቴ ላድርግ? ጋሼ ሳህኗን ከፍ አድርገው «አላለቀም፣ ሁለት ነው» አሉ። አባባላቸው! ልክ እንደሚያይ ሰው። ኃላፊው ሳህኗን አየ፣ ደግሞ እሳቸውን አየ። «ዶክተር… አንድ እኮ ነው። ተሳክቶልዎታል።» ከዛ ቀስ ብሎ እጃቸውን ያዘ፣ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ኅዳር 20
ጋሼ በጡረታ ወጡ፣ ዕቃቸውን በካርቶን ያዝኩላቸው። እኔን ማንም ምንም አላለኝም፣ ስሜን አላነሱም ማለት ነው። በሩ ጋ ቆም ብለው «እውነት አንድ ነበር?» አሉኝ።
«አንድ ነበር ጋሼ… እጄ ነው…»
«ተይ፣ ተይ። አንድ ከሆነ ይበቃኛል።»
ግድግዳውን እየዳበሱ ደረጃውን ወረዱ።

ታኅሣሥ 6
በጋሼ ቦታ የመጣው ሰውዬ ሳህኗን ራሱ ነው የሚያያት። እኔን ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ዛሬ ግን ዞር ብሎ «አለሽ እንዴ? ድምፅሽ አይሰማም እኮ» አለኝ።
ማጠቢያው ውስጥ ፎጣ አንጥፌበታለሁ። ብልቃጥ ሳስቀምጥ ቋ አይልም።